አሮጌ ቤት ገዝቶ አድሶ መሸጥ፤ በማዕድ ቤቱ ከሴራሚክ በፊት የሚቀድሙ ሥራዎች

በአዲስ አበባም ሆነ እንደ ደሴ፣ ጎንደርና ጅማ ባሉ ነባር ከተሞች አነስተኛ የጭቃ ቤት ገዝቶ፣ አድሶ መልሶ መሸጥ ጥቂት ጥሪት ያላቸው ወገኖች ከሚሞክሯቸው የገቢ ማስገኛ ሥራዎች አንዱ ነው፡፡ ከደመወዙ ቆጥቦ፣ ከቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድሮ ወይም ከወንድምና ከእህት ጋር ገንዘብ አዋጥቶ የሚገባበት የመንግሥት ሠራተኛም አለ፡፡ ሥራው በአግባቡ ከተመራ ሁለት ጥቅም ይሰጣል፡፡ ለአዳሹ ገቢ ያስገኛል፤ ሊፈርስ የደረሰን ቤት ደግሞ ለተጨማሪ ዓመታት መኖሪያ ያደርገዋል፡፡ በአግባቡ ካልተመራ ግን ኪሳራው አዳሹ ላይ ብቻ አያበቃም፤ ቤቱን አምኖ ለሚገዛው ቤተሰብም ይተርፋል፡፡

ይህ ልዩነት ከየትኛውም ክፍል ይልቅ በማዕድ ቤቱ ጎልቶ ይታያል፡፡ ውኃ፣ እሳት፣ ኤሌክትሪክ፣ ጭስና ቅባት በአንድ ጠባብ ክፍል የሚገናኙት በዚያ ነው፡፡ ገዢም ቤት ሲጎበኝ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆመው በዚሁ ክፍል በመሆኑ፣ ብዙ አዳሾች ገንዘባቸውን በቅድሚያ የሚያውሉት ለሚታየው ነገር ነው፤ ለሴራሚክ፣ ለግራናይትና ለቁምሳጥን፡፡ ነገር ግን የማዕድ ቤት እድሳት ትርፍና ኪሳራ የሚወሰነው ከሴራሚኩ ጀርባና ከወለሉ ሥር ባለው ሥራ ነው፡፡

ወደ ሥራው ከመግባት በፊት የቤቱ ሕጋዊ ሁኔታ መጣራት ይኖርበታል፡፡ በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ በየመንደሩ ጎን ለጎን የሚታዩት አሮጌ ቤቶች አንድ ዓይነት ይዞታ የላቸውም፡፡ አንዱ የግል ይዞታ ማረጋገጫ ያለው ሲሆን ጎረቤቱ የቀበሌ ቤት ሊሆን ይችላል፡፡ የቀበሌ ቤት ተከራይ የመጠቀም መብት እንጂ የመሸጥ መብት የለውም፡፡ በሌላ በኩል በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነባር ይዞታ ከውርስ በተለየ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ ወደ ሊዝ ሥርዓት እንደሚገባ ደንግጓል፡፡ ስለዚህ ቤቱን ገዝቶ በወራት ውስጥ ለመሸጥ ያሰበ ሰው፣ በእርሱና ከእርሱ በሚገዛው ላይ የሚመጣውን ክፍያ ከክፍለ ከተማው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል፡፡ የአካባቢውን ፕላን መመልከትም የግድ ነው፡፡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተከናወነው የኮሪደር ልማት በፒያሳና በሌሎች ነባር ሠፈሮች በርካታ አሮጌ ቤቶች መነሳታቸው የሚታወስ ሲሆን፣ ለመልሶ ማልማት በተያዘ ቦታ ላይ ማዕድ ቤት ማሳመር ገንዘብን በከንቱ ማፍሰስ ይሆናል፡፡

የእድሳት ፈቃድም ሌላው ጉዳይ ነው፡፡ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ፈቃድ የማውጣትን ግዴታ በአገር አቀፍ ደረጃ የዘረጋ ሕግ ነበር፡፡ ቀለም መቀባትና የተሰበረ ሲንክ መቀየር አንድ ነገር ነው፤ ግድግዳ አፍርሶ ማዕድ ቤትን ከሳሎን ጋር ማገናኘት ወይም ወደ ጓሮ ማስፋት ሌላ ነገር ነው፡፡ የትኛው ሥራ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው በወረዳው የግንባታ ፈቃድ ባለሙያ ዘንድ ማረጋገጥ ይቻላል፡፡ እዚህ ላይ ለፈቃድ ሰጪ አካላትም አንድ ነገር መጠቆም ተገቢ ይመስለናል፡፡ ለሁለት ሜትር ግድግዳ ፈቃድ ለማግኘት ተገልጋዩ ወር ሙሉ የሚመላለስ ከሆነ፣ ሥራው በቅዳሜና እሁድ፣ በችኮላና ያለ ተቆጣጣሪ መሠራቱ አይቀርም፡፡ በችኮላ ከሚሠሩት መካከል ደግሞ የኤሌክትሪኩ መስመር ይገኝበታል፡፡

አሮጌ የከተማ ቤቶች በአብዛኛው የተሠሩት ከባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ከማገርና ከጭድ ጋር ከተቦካ ጭቃ ነው፡፡ ጣሪያቸው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሳቸው ብዙ ጊዜ አቡጀዲ ነው፡፡ የዚህ አሠራር ደካማ ጎን የሚገኘው ቋሚው ከአፈር ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው፡፡ ከመሬት በላይ ያለው እንጨት ደረቅ፣ ወደ ጥልቅ የገባው ደግሞ አየር ያጣ በመሆኑ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ስንዝር ያህል ቦታ ግን እርጥበትና አየር በአንድነት ስለሚያገኙት ይበሰብሳል፤ ምስጥም የሚገባው በዚያው ነው፡፡ የዕቃ ማጠቢያ ውኃ ለዓመታት ሲፈስበት በኖረ ማዕድ ቤት ይህ ጉዳት የባሰ ነው፡፡ ስለሆነም የመጀመሪያው ሥራ በማጠቢያው አካባቢ ያለውን ምርጊት ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ አንስቶ ቋሚዎቹን በመሮ ወግቶ መመርመር ነው፡፡ መሮው እንደ ሳሙና ከገባ ቋሚው የተበላ ነው፡፡ ያን ጊዜ ጣሪያውን በድጋፍ እንጨት ይዞ የበሰበሰውን የታችኛውን ክፍል በመቁረጥ በድንጋይ ወይም በኮንክሪት እግር ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል፡፡ ቋሚን የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት በየሠፈሩ የተለመደ ቢሆንም ምግብ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ሊደረግ አይገባም፡፡

በጭቃ ግድግዳ ላይ ሴራሚክ በቀጥታ መለጠፍ በእድሳት ሥራ ላይ ደጋግሞ የሚታይ ስሕተት ነው፡፡ ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል፡፡ ሲሚንቶ ግን አብሮት አይንቀሳቀስም፡፡ በመሆኑም በቤቱ ሽያጭ ዕለት የሚያብረቀርቀው ሴራሚክ አንድ ክረምት ሲያልፍበት ከነልስኑ ይወድቃል፡፡ በማጠቢያውና በምድጃው በኩል ከፊት ለፊት ዐሥር ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የብሎኬት ግድግዳ ከወለል እስከ አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ማቆምና ሴራሚኩን በእርሱ ላይ መለጠፍ የተሻለ ነው፡፡ የክፍሉን ጥቂት ስፋት ይወስዳል፤ ነገር ግን የውኃ መስመሩንም ለመቅበር ያመቻል፡፡ ይህን ማድረግ ካልተቻለ በቋሚዎቹ ላይ የዶሮ ሽቦ በሚስማር መትቶ መለሰን ይቻላል፤ ከባድ ሴራሚክ ግን አያስተማምንም፡፡ የግድግዳ ቁምሳጥንም ከቋሚው እንጨት ጋር እንጂ ከጭቃው ጋር መታሰር የለበትም፡፡ ሳህንና ብርጭቆ የተሞላ ቁምሳጥን ክብደቱ ቀላል አይደለም፡፡

ጊዜም ይታሰብ፡፡ የምርጊት ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት መብላላት፣ ከተመረገም በኋላ በሚገባ መድረቅ አለበት፡፡ በሐምሌ የተመረገ ግድግዳ ሳይደርቅ ቀለም ከተቀባ ሻጋታ ያወጣል፡፡ ስለዚህ የእርጥብ ሥራው ከጥቅምት በኋላ ቢደረግ ይመረጣል፡፡ የቆየ የዘይት ቀለም በሚፋቅበት ጊዜ ደግሞ ጥንቃቄ ያሻል፡፡ አገራችን በቀለም ውስጥ የሚገኘውን የሊድ መጠን ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ በደንብ የገደበችው በ2010 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተቀባ ግድግዳና በር ሊድ ሊኖርበት ይችላል፡፡ ሊድ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት የሚጎዳ መርዝ ነው፡፡ ቀለሙን በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ከመፋቅ ይልቅ አርጥቦ ማንሳትና ፍቅፋቂውን ሰብስቦ ማስወገድ፣ ልጆችንም ከአካባቢው ማራቅ ይገባል፡፡

ወደ ኤሌክትሪኩ ስንመጣ የአገራችን ማዕድ ቤት ከሌላው ዓለም የሚለይበትን አንድ ዕቃ እናገኛለን፤ እርሱም የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፡፡ አንድ ምጣድ ከ3 ሺህ 500 እስከ 4 ሺህ ዋት ይወስዳል፡፡ ይህ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፔር ይሆናል፡፡ በአሮጌ ቤቶች ውስጥ የሚገኘው መስመር ግን የተዘረጋው ለአምፖልና ለሬዲዮ ነበር፤ አንድ ነጥብ አምስት ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ ቀጭን ሽቦ በአንድ ሶኬት ላይ ምጣዱን፣ ምድጃውንና ማቀዝቀዣውን እንዲሸከም ሲደረግ ሽቦው ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል፡፡ ሽቦው የሚያልፈው ደግሞ በደረቅ እንጨትና በአቡጀዲ ኮርኒስ በኩል ነው፡፡ ለምጣዱ ከማከፋፈያው በቀጥታ የሚመጣ፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ያለው፣ ከሽቦው አቅም ጋር የሚመጣጠን የራሱ ብሬከር የተገጠመለት መስመር ሊዘረጋለት ይገባል፡፡ ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ሽቦ መኖሩ፣ እንዲሁም ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መሣሪያ መገጠሙ በእርጥብ እጅ ሊጥ የምታፈስን እናት ሕይወት የሚጠብቅ ነው፡፡ ከምድጃው በላይ ያለው አቡጀዲም ተነሥቶ በጂብሰም ሊተካ ይገባል፡፡

በብዙ አሮጌ ግቢዎች ውስጥ ሁለትና ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል፡፡ የራሱ ቆጣሪ የሌለው ቤት ማዕድ ቤቱ ምንም ያህል ቢያምር በሽያጭ ጊዜ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ የቆጣሪ ማውጣት ሂደትም ጊዜ ስለሚወስድ ጥያቄው በእድሳቱ የመጀመሪያ ሳምንት ቢቀርብ መልካም ነው፡፡ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁ በኤሌክትሪክ ማብሰልን ለማስፋፋት ትልቅ አቅም ነው፡፡ ይሁንና ኃይሉ ከጉባ ተነሥቶ አገር አቋርጦ ከመጣ በኋላ በቤት ውስጥ ባሉት የመጨረሻዎቹ ዐሥር ሜትሮች በቀጭን ሽቦ ምክንያት ጥቅም ላይ ሳይውል ሊቀር ይችላል፡፡

ሌላው የማዕድ ቤት ጣጣ ጭስ ነው፡፡ አባቶቻችንና እናቶቻችን ማዕድ ቤትን ከዋናው ቤት ነጥለው በጓሮ መሥራታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፡፡ እሳቱም ጭሱም ከመኝታ ይርቃል፡፡ የዛሬ ገዢ ግን ማዕድ ቤቱ ከቤት ውስጥ እንዲሆንለት ይፈልጋል፡፡ አዳሹ የገዢን ፍላጎት ተከትሎ አንዱን ጓዳ ማዕድ ቤት ሲያደርገው፣ ከሰሉና እንጨቱም አብሮ ይገባል ማለት ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ በሚፈጠር የአየር ብክለት ምክንያት በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዓለም ዙሪያ 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሰዎች ሕይወታቸውን እንዳጡ ገምቷል፡፡ ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው የተኛ ሰው ሳያውቀው ይገድላል፡፡ ክፍሉ በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ ሁለት መክፈቻ ሊኖረው፣ አንደኛውም ከጣሪያው አጠገብ ሆኖ በማንኛውም ጊዜ የማይዘጋ ሊሆን ይገባል፡፡ ቡታ ጋዝ ለሚጠቀሙ ደግሞ ከወለሉ አጠገብ ያለ መክፈቻ ያስፈልጋል፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወደ ታች ይተኛልና፡፡ ሲሊንደሩ ከቤት ውጭ ቢቀመጥ ይበልጥ ይመረጣል፡፡

በእኛ አስተያየት የጓሮውን ማዕድ ቤት አፍርሶ ቦታውን ለመኪና ማቆሚያ ማድረግ ለትርፍም አይበጅም፡፡ እንጀራ የሚጋገረው፣ ለበዓልና ለድግስ ትልቁ ድስት የሚጣደው፣ ቁሌቱ የሚቁላላው በዚያ ነው፡፡ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ሲገነቡ እንኳ ለእንጀራ መጋገሪያና ለዕርድ የሚያገለግሉ የጋራ ሕንፃዎች አብረው መሠራታቸው ይህ ፍላጎት በአፓርታማ ኑሮ ውስጥም እንደማይጠፋ ያሳያል፡፡ በቤት ውስጥ ትንሽ፣ ንጹሕና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማዕድ ቤት፣ በጓሮ ደግሞ ቆርቆሮው የተጠገነ፣ ጭስ ማውጫው የተስተካከለ ሁለተኛ ማዕድ ቤት ያለው ቤት ከአንድ ሰፊ ማዕድ ቤት ይልቅ ለገዢ ይመቻል፡፡

የመደርደሪያ ልክም ከውጭ መጽሔት መገልበጥ የለበትም፡፡ በስድሳ ሳንቲ ሜትር ስፋት የሚሠራ መደርደሪያ ለጋዝ ምድጃ ይበቃል፡፡ የምጣዱ ሸክላ ብቻውን ስድሳ ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከነማቀፊያው አይቀመጥበትም፡፡ አክንባሎው የሚነሣበት፣ በስተጎኑም የወጣው እንጀራ የሚያርፍበት ቦታ ይፈልጋል፡፡ ሊጡ ከላይ ስለሚፈስም ምጣዱ ከሌላው መደርደሪያ ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ ጋጋሪዋን አያደክምም፡፡ ኩንታል ጤፍ የሚቀመጥበት፣ ከወለል ከፍ ያለ ደረቅ ጥግም ሊታሰብበት ይገባል፡፡ ከተጨመቀ እንጨት የሚሠራው ቁምሳጥን እግሩ ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ በኮንክሪት ተሠርቶ ሴራሚክ የለበሰ መደርደሪያ መልኩ ቀለል ያለ ቢሆንም ዕድሜው ረጅም፣ ዋጋውም ተመጣጣኝ ነው፡፡

በውኃ በኩል አሮጌው የብረት ቧንቧ ከውስጥ ዝጎ ጠብቦ ስለሚገኝ ቢቀየር እንጂ ቢጠገን አያዋጣም፡፡ ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሠፈሮች ሮቶ የግድ ነው፡፡ ሆኖም አንድ ሺህ ሊትር ውኃ አንድ ቶን ይመዝናል፡፡ ይህን በጭቃ ቤት ጣሪያ ላይ ማስቀመጥ አደጋ በመሆኑ ሮቶው የራሱ የብረት ማማ በኮንክሪት መሠረት ላይ ሊቆምለት ይገባል፡፡ የፍሳሽ ቧንቧው ቢያንስ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ በየሜትሩም ሁለት ሳንቲ ሜትር ቁልቁለት ቢኖረው ውኃው ቅባቱን ይዞ ይወርዳል፡፡ ከሲንኩ ሥር ሲፎን ካልተገጠመ የጉድጓዱ ሽታ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ ገዢ ከደጃፍ የሚመለሰው በዚህ ሽታ ነው፡፡ ቅባቱ የሚጠራቀምበትና በየጊዜው የሚጸዳ ፖዜቶ ከቤት ውጭ መሥራት ዋናውን መስመር ከመዘጋት ያድናል፡፡

የሒሳቡ ነገር በምሳሌ ሲታይ ግልጽ ይሆናል፡፡ አንድ ሠራተኛ ቤቱን በ3 ሚሊዮን ብር ገዝቶ፣ 500 ሺህ ብር ለእድሳት መድቦ፣ በ4 ሚሊዮን ብር ለመሸጥ አቀደ እንበል፡፡ በወረቀት ላይ ትርፉ 500 ሺህ ብር ይመስላል፡፡ ነገር ግን ለስም ማዛወሪያ፣ ለቴምብር ቀረጥና ለደላላ 200 ሺህ ብር ቢወጣ፣ ከገንዘቡ 1 ሚሊዮን ተኩሉ በ16 በመቶ ወለድ የተበደረው ቢሆንና ሥራው ስድስት ወር ቢፈጅ ወለዱ 120 ሺህ ብር ይሆናል፡፡ ላልታሰበ ወጪ የእድሳቱን 15 በመቶ፣ ማለትም 75 ሺህ ብር ቢይዝ የሚተርፈው 105 ሺህ ብር ነው፡፡ ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ሽቦ ለመቀየር ግድግዳው እንደገና ቢፈርስና ሥራው ሦስት ወር ቢዘገይ ወለዱ ብቻ ተጨማሪ 60 ሺህ ብር ይወስዳል፡፡ የማፍረሱና የመልሶ ሥራው ዋጋ ሲታከል ከትርፉ የሚቀር ነገር አይኖርም፡፡ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ ላይ የታየው ለውጥም የሚያስተምረው አለ፡፡ ከውጭ የሚመጡትን የቧንቧ መክፈቻ፣ ብሬከርና ሽቦ በሥራው መጀመሪያ ገዝቶ ማስቀመጥ፣ በአገር ውስጥ የሚገኙትን አሸዋ፣ ብሎኬትና እምነ በረድ ግን በየደረጃው መግዛት ይመከራል፡፡

ከዚህ የሚከተለው የሥራ ቅደም ተከተል አያስቸግርም፤ ቋሚና ጣሪያ፣ ቀጥሎ ፍሳሽና ውኃ፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ፣ ከዚያ ልስንና ወለል፣ በመጨረሻ ሴራሚክና ቁምሳጥን፡፡ የሲሚንቶው ልስን ለሰባት ቀናት ያህል ውኃ ሊጠጣ እንደሚገባው ለግንበኛው ማስታወስ አይከፋም፡፡ ሽቦውና ቧንቧው ከመሸፈናቸው በፊት በየግድግዳው ፎቶግራፍ ማንሳትና ርቀታቸውን በወረቀት ላይ ማስፈር ወጪ የለውም፤ ለገዢው ሲሰጥ ግን ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ እምነት ያስገኛል፡፡

ይህ ሰነድ ለሻጩም ጥበቃ ነው፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተሸጠው ነገር ጉድለት ዋስትና እንዲሰጥ የሚያስገድዱ ድንጋጌዎች አሉት፡፡ የበሰበሰ ቋሚን በሴራሚክ ሸፍኖ የሸጠ ሰው ጉዳዩ በፍርድ ቤት ሲታይ የሚያቀርበው መከላከያ አይኖረውም፡፡ የታደሰውን፣ ያልታደሰውንና የቀረውን እንከን በግልጽ ዘርዝሮ ከውሉ ጋር ማያያዝ የሁለቱንም ወገኖች ክርክር ያስቀራል፡፡ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ዘንድ ከተፈጸመ በኋላም የመብራትና የውኃ ቆጣሪዎቹን ስም ማዛወር ለነገ ሊባል አይገባም፤ በቀድሞው ባለቤት ስም የቀረ ውዝፍ ሒሳብ አዲሱን ባለቤት ገና በገባበት ወር ሊያንገላታው ይችላል፡፡